«ደህና» ስንት ይመዝናል?

ጥር 6

ለእህቴ ልጅ፣

ጤናህ ይጽና፤ እጅህ ሥራ አይፍታ፤ ያለህበት ቤት ሰላም ይሁን።

ከሁሉ አስቀድመህ ይህን ተረዳ፦ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለራሴም ለዘመድም ብዬ አይደለም። ለዘመድ ቢሆን ኖሮ ደውዬ እለምንህ ነበር። የምጽፈው ሥራዋን ስለማውቀው ተማሪዬ ነው። ስለ ሥራ ደግሞ በጽሑፍ እንነጋገር፤ ስልክ ላይ የተባለ ነገር ይካዳል።

እዚያ ባሕር ማዶ የምትሠራበት የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ያወጣውን ማስታወቂያ አንድ የቀድሞ ባልደረባዬ አሳየኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ የነጻ ትምህርት ዕድል መሰለኝ። በሁለተኛው መሳሳቴ ገባኝ። በሦስተኛው ጠርዙ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ይህ ሥራ ነው። ውል አለው፣ ደመወዝ አለው፣ የዓመት ፈቃድ አለው። ሠራተኛው አራት ዓመት እየሠራ ዶክትሬቱን ይይዛል።» ልክ ነኝ? ከተሳሳትኩ አርመኝ። የልጅቱ አባት የኮሌጃችን የበር ጥበቃ ነው። «ትምህርት» ካልኩት ወጪውን አስቦ ይጨነቃል፤ «ሥራ» ካልኩት ቀና ብሎ ይሄዳል።

ልጅቱን አታውቃትም። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ባስተማርኩት የመጨረሻው የመለካት ክፍል ውስጥ ነበረች። ጓደኞቿ «ጆሮ» ይሏታል። ከወዳደቀ ብረትና ከአሮጌ የስልክ ማዳመጫ መሣሪያ ሠርታ፣ የከተማውን የውኃ ቧንቧ እየዞረች በማዳመጥ ከመሬት በታች የሚፈሰውን ቦታ ታገኛለች። አሥራ አራት ወር ዞረች። ውሻ ነክሷታል፤ ሁለት ጊዜ ሌባ ናት ተብላ ተይዛለች። መዝገቧን ግን አንድ ቀን ሳታጎድል ይዛለች። ማስታወቂያው የሚፈልገው የቧንቧ ፍሳሽን በድምፅ የሚያጠና ሰው ነው። ልኳን ለክተው የሰፉት ልብስ ይመስላል።

ሰዎቹ ምን እንደሚፈልጉ፣ ምን እንደሚንቁ ንገረኝ። ቀኑ የሚዘጋው ጥር 30 ነው።

አጎትህ


ጥር 9

ለተከበሩ ጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ዓይንዎን ይጠብቅልን። እኔ ደህና ነኝ። (ይቅርታ፣ ይህን ቃል እርስዎ ፊት በዋዛ መጥራት እንደማይገባ አውቃለሁ።)

ንባብዎ ልክ ነው፤ ሥራ ነው። እዚህ የዶክትሬት ሠራተኛ እንባላለን እንጂ ተማሪ አንባልም። ጠዋት እንገባለን፣ ማታ እንወጣለን፣ ስንታመም የሐኪም ወረቀት እናመጣለን። እኔም ሦስተኛ ዓመቴን በዚሁ ዓይነት ውል ነው የያዝኩት። ማስታወቂያውን ያወጣውም የእኔው ክፍል ነው። የፕሮፌሰሯ ቢሮ ከእኔ ጠረጴዛ አሥራ ሁለት እርምጃ ይርቃል።

የሚመዝኑት አራት ነገር ነው፦ የትምህርት ውጤት፣ የምርምር ሐሳብ፣ የተግባር ሥራ፣ ካስተማራት መምህር የሚጻፍ የድጋፍ ደብዳቤ። እያንዳንዱ ከአሥር ይያዛል። ደብዳቤውን በፈለጉት ቋንቋ መጻፍ ይችላሉ፤ ሕጋዊ አስተርጓሚ ተርጉሞ ማኅተም ያድርግበት።

አንድ ነገር ግን ልለምንዎ። እባክዎ ገነን አድርገው ይጻፉ። እዚህ ሁሉም መምህር ተማሪውን «በዘመኔ ያልታየ» ይላል። ባለፈው ዓመት በአንድ ሳምንት ውስጥ አምስት «በዘመኔ ያልታየ» ደርሶናል፤ ሁለቱ ከአንድ መምህር። እንደ ውሸት የሚያየው የለም፤ የአገሩ ሰላምታ ነው። አንድ ተማሪ «በዘመኔ ያልታየ» ካልተባለ ምን ጎደለው ብለው ይጠረጥራሉ።

የልጅቱ ዕድል ይቅና። መቼም እርስዎ እንዲህ ስለ ተማሪ ሲጽፉ አይቼ አላውቅም።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 24

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምህ ይብዛ፤ መንገድህ ይቅና።

ደብዳቤውን ጽፌ ጨርሻለሁ። በማልጠራጠርበት ቋንቋ ብቻ ስለምፈርም በራሳችን ጻፍኩት። ግልባጩ ይኸውልህ፦

«ይህችን ተማሪ ሁለት ዓመት አስተምሬያታለሁ። በስድስት መቶ አርባ ቦታ የቧንቧ ድምፅ አዳምጣ መዝግባለች። ከእነዚህ ውስጥ ሃምሳ ሦስቱ ያፈስሳሉ ብላለች። የውኃ አገልግሎቱ ሃያውን ቆፍሮ አሥራ ሰባቱን እሷ ካመለከተችው አንድ ሜትር ሳይርቅ አግኝቷል። የተሳሳተችባቸውን ሦስቱን በሪፖርቷ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፋለች። ሥራዋ ደህና ነው። በተቋማችሁ የእህቴ ልጅ ይሠራል፤ ውለታ አልጠየቅሁትም።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ያስገባሁት ኋላ «ደብቀሃል» እንዳልባል ነው። «በዘመኔ ያልታየ» አልልም። ዘመኔ ረጅም ነው፤ ብዙ ታይቶበታል።

ቢሮው ስሄድ አስተርጓሚው ባለማኅተም ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ ቀሪው እዚያ ያለ መስሎት።

«ጋሼ፣ ‹ደህና› ብቻ?»

«ደህና ብቻ።»

«‹እጅግ በጣም› ልጨምርበት? በዚያው ዋጋ ነው።»

«አንተ ማኅተምህን ምታ፤ ሚዛኑን ለእኔ ተው።»

«ለእሷ ብዬ ነው እንጂ ለእኔማ ባጠረ ቁጥር ይሻለኛል» አለና መታው።

ልጅቱ ስታነበው የኮሌጁ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። «እውነት ‹ደህና› ብለው ጻፉ?» አለችኝ፤ ዓይኗ ሞላ። አባቷ ከበሩ ሮጦ መጣ። «ምን ሆነች?» አለ። «ጋሼ ደህና ነሽ አሉኝ» ስትለው ግራ ገባውና «ታመሽ ነበር እንዴ?» ብሎ ግንባሯን ዳሰሰ።

ሁሉም ሰነድ ትናንት ገብቷል። ፕሮፌሰሯ ስታነብ ምን እንዳለች ጻፍልኝ።

አጎትህ


መጋቢት 30

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንደምን ከርመዋል? ሦስት ደብዳቤዎን ሳልመልስ መቆየቴን አውቃለሁ። የቤተ ሙከራው ፓምፕ ተበላሽቶ ነበር፤ ከዚያ ጉንፋን ያዘኝ፤ ከዚያ ደግሞ የዓመቱ ሪፖርት መጣ።

የልጅቱን ጉዳይ ሰምቻለሁ። ከትናንት በስቲያ መልስ እንደተላከላት ነገሩኝ። ያሳዝናል። ውድድሩ ከባድ ነበር። እዚህ እንዲህ ነው፤ ሰው በአንዱ ሲዘጋበት በሌላው ይሞክራል። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ፤ ዝርዝራቸውን እልክላታለሁ።

ለፕሮፌሰሯ ባይጽፉላት ይሻላል። ሥራ ይበዛባታል፤ እንዲህ ያለውን እንደ ጫና ታየዋለች።

በአንድ ወዳጄ እጅ የማንበቢያ መነጽር ልኬልዎታለሁ። ክፈፉ ቀላል ነው፤ አፍንጫ ላይ አይከብድም። እናቴን ሰላም ይበሉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 4

ለእህቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥህ፤ ጉንፋንህን ይማርልህ።

መነጽሩ ደርሶኛል። አልከፈትኩትም። መጀመሪያ የምናነበው ነገር አለ።

የተላከላት መልስ ሦስት መስመር ነው። «ውድ አመልካች» ይላል፤ ስም የለውም። «በርካታ ብቁ አመልካቾች ስለነበሩ» ይላል፤ ቁጥር የለውም። «በጥንቃቄ ከመረመርን በኋላ» ይላል፤ ማን እንደመረመረ፣ መቼ፣ በምን፣ የለውም። ይህን የጻፈው የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ነው! በርካታ ስንት ነው? ጥንቃቄ በምን ይለካል? አንድ ተማሪ የቤተ ሙከራ ሪፖርቱ ላይ «በርካታ» ብሎ ቢያመጣልኝ ወረቀቱን ሳልጨርስ እመልስለት ነበር። አሥራ አራት ወር በፀሐይና በዝናብ የዞረች ልጅ፣ ስድስት መቶ አርባ ቦታ ተንበርክካ መሬት ያዳመጠች ልጅ፣ በሦስት መስመር ወሬ ትሸኛለች?

የቀረጸችውን ድምፅ ከፍተው ሰሙት? ወይስ ፋይሉ ሳይከፈት ነው የተዘጋው? የተሳሳተችባቸውን ሦስቱን በመጀመሪያ ገጽ መጻፏን እንደ ድክመት ቆጥረውት ይሆን? ከሆነ ይንገሩን፤ ከእንግዲህ ተማሪዎቼን መደበቅ አስተምራለሁ።

ተናድጄያለሁ። በሥርዓት ነው የተናደድኩት። የተቋሙን ደንብ አገኘሁና አነበብኩት፤ አርባ አንድ ገጽ ነው። አመልካች የተሰጠውን ነጥብ በዝርዝር የመጠየቅ መብት አለው። ጠይቃለች። ውሳኔው ከተነገረ በሠላሳ ቀን ውስጥ፣ ማለት እስከ ሚያዝያ 28፣ አቤቱታ ይቀርባል።

ልጅቱን የውኃ አገልግሎቱ በቆጣሪ አንባቢነት ሊቀጥራት ይፈልጋል። ቤት ለቤት እየዞሩ ቁጥር መጻፍ ነው። ሥራን አልንቅም፤ ነገር ግን ጆሮ ያላትን ሰው ለዓይን መቅጠር ብክነት ነው። እሺ ወይም እምቢ እንድትል እየጠበቋት ነው።

አንተ ለፕሮፌሰሯ እንዳልጽፍ ትመክረኛለህ። ምክንያትህ አልገባኝም። አሥራ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነህ። ምን ሰማህ?

አጎትህ


ሚያዝያ 12

ለተከበሩ ጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። ምንም የሰማሁት የለም። እኔ ተራ ሠራተኛ ነኝ፤ በምርጫው አልገባም። እባክዎ ይተዉት፤ ነገሩ በተነካካ ቁጥር ለልጅቱም አይበጃትም። መነጽሩን ግን ይሞክሩት።

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 19

ለእህቴ ልጅ፣

በዚህ ደብዳቤ ላይ ሰላምታ የለም። በሕይወቴ ሰላምታ ስቆጥብ የመጀመሪያዬ ነው።

የነጥብ ዝርዝሩ ትናንት ደረሳት። እንዳለ እገለብጥልሃለሁ። የትምህርት ውጤት፣ ስምንት። የምርምር ሐሳብ፣ ዘጠኝ። የተግባር ሥራ፣ አሥር። የድጋፍ ደብዳቤ፣ ሁለት። ድምር ሃያ ዘጠኝ። ለቃለ መጠይቅ የሚያበቃው ሠላሳ ሁለት ነው።

ከ«ሁለት» ቁጥር ግርጌ በትንንሽ ፊደል ማስታወሻ አለ። እንዲህ ይላል፦ «መምህሩ የሰጡት ምስክርነት ዝቅተኛ ነው። የቃሉ ትርጉም በክፍሉ ከሚሠራ የመምህሩ ዘመድ ተጠይቆ ተረጋግጧል።»

ልጅቱ ወረቀቱን ይዛ ቤቴ መጣች። አላለቀሰችም። «ጋሼ፣ የእርስዎ ዘመድ ‹ደህና› ምን እንደሆነ አያውቅም?» አለችኝ። ሻይ እንኳ ሳላቀርብላት ሄደች።

አንተ የክፍሌ ተማሪ ነበርክ። ሦስት ዓመት ፊት ለፊቴ ተቀምጠሃል። አራቱን ቃሎቼን ከማንም በላይ ታውቃለህ፦ «እንደገና»፣ «አልፏል»፣ «መልካም ጅምር»፣ «ደህና»። ከ«ደህና» በላይ ቃል እንደሌለኝ ታውቃለህ። ኮሌጁ ውስጥ የጽዳት ሠራተኞቹ እንኳ ያውቁት ነበር።

ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ነው። ስትጠየቅ ምን አልክ?

ይህን ደብዳቤ የምጨርሰው ደብዳቤዎቼን በስልኩ ፎቶ አንስቶ የሚልክልኝ ባለፎቶኮፒ ጠረጴዛ ላይ ነው። ማንበብ ይወዳል። ዛሬ ግን ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ራሱ ፊቱን አዞረ።

አጎትህ


ሚያዝያ 21

ጋሼ፣

እርስዎ ሰላምታ ቢነፍጉኝም እኔ አልነፍግዎትም። እንደምን ሰነበቱ።

የሆነውን ልንገርዎ። ከውሳኔው አስቀድሞ፣ አንድ ሰኞ ከምሳ በፊት ፕሮፌሰሯ የእርስዎን ደብዳቤ ከነትርጉሙ ይዛ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። ባለማኅተሙ «ደህና»ን የተረጎመበት ቃል እዚህ ለጥቂት ከመውደቅ ለተረፈ ተማሪ የሚሰጥ ነው።

«ዋናውን አንብብልኝ። እውነት እንዲህ ነው የሚለው?» አለችኝ።

«አዎ፣ ‹ደህና› ነው የሚለው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ክፉ ያልሆነ። ጤነኛ። የሚበቃ።»

«ሌላ ትርጉም የለውም? የልጅቱ ሥራና ይህ ደብዳቤ አልገጠመልኝም።»

እዚህ ላይ ነው ጋሼ። ቢበዛ ሦስት ሴኮንድ ቆየሁ። «የለውም» አልኳት። «ዘመዱ አንተ ራስህ እንዲህ ካልክማ» አለችና ማኅደሩን ይዛ ተመለሰች።

መዝገበ ቃላት ቢገለጥ ያልኩትን ነው የሚለው። ግን እርስዎን በመዝገበ ቃላት አላታልልም። ዋሽቻለሁ።

ለምን ይሉኛል። ሦስት ዓመት ፊት ለፊትዎ ተቀምጬ «ደህና» አንድ ቀን አላገኘሁም። የመጨረሻ ሥራዬ ያ የእጅ ፓምፕ ነበር። ስድስት ወር እጄ በግሪስ ጠቁሮ የሠራሁት። «መልካም ጅምር» ብለው ጻፉበት። እናቴ ወረቀቱን አይታ «ሦስት ዓመት ሙሉ ተምሮ ገና ጅምር ነው እንዴ?» አለች፤ ጎረቤት ሳቀብኝ። እርስዎ በማግስቱ ቤታችን ምሳ በሉ፤ ስለ ፓምፑ አንድ ቃል አልተነፈሱም። የመጀመሪያ ጽሑፌ መጽሔት ላይ ሲወጣ ደስ ብሎኝ ላክሁልዎ። በቀይ እስክሪብቶ አርመው መለሱልኝ። የታተመ ጽሑፍ ጋሼ! ደውዬ «ደህና ነዎት?» ስልዎ እንኳ «እየተሞከረ ነው» ይሉኛል። ቃሉን ለራስዎም ይነፍጉታል!

እና አንድ ቀን የማላውቃት ልጅ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ «ሥራዋ ደህና ነው» ተብሎላት ጠረጴዛዬ ላይ መጣች። ቀናሁ። ሌላ ስም አልፈልግለትም።

ነገር ግን ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው? ገነን አድርገው ይጻፉ ብዬ ለምኜዎት ነበር። አንድ ቅጽል! ባለማኅተሙ እንኳ በነጻ ሊጨምርልዎ ነበር። ማንም የማያነበውን ሚዛን ይዘው ሰው ይመዝናሉ፤ ከዚያ ዓለም ለምን አላነበበልኝም ብለው ይቆጣሉ። ለሠላሳ ዓመት ያህል ስንት ልጅ በዚያ ሚዛን ተመዝኖ ወደ ቤቱ አንገቱን ደፍቶ እንደሄደ አስበውት ያውቃሉ?

አሁን ሄጄ ዋሽቻለሁ ብል የሚሆነውን ያውቁታል? ውሌ በሐምሌ ይታደሳል ወይም አይታደስም። ይህች ሴት የመለኪያ መዝገብ ላይ አንድ ቁጥር በሐሰት የለወጠ ሰው በአንድ ቀን አሰናብታለች። ይተዉት ጋሼ። ልጅቱ ለጊዜው ቆጣሪ ታንብብ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ማስታወቂያ ሲወጣ እኔ ራሴ እቆምላታለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 23፣ ረቡዕ

ለእህቴ ልጅ፣

ጤናህ ይጽና። ሰላምታዬን መልሼልሃለሁ፤ ቁጣዬን አላነሳሁም።

ደብዳቤህን አራት ጊዜ አነበብኩት። እውነት የሆነው ቦታ ላይ አስምሬያለሁ፤ ከግማሽ በላይ ነው። በቅደም ተከተል እመልስልሃለሁ።

ፓምፕህ ደህና አልነበረም። እጀታው አጭር ስለሆነ ውኃ የሚቀዳው ሰው ወገቡን እየሰበረ ነበር የሚስበው። ዛሬም ባየው ያንኑ እጽፋለሁ። ጥፋቴ ምክንያቱን አለመጻፌ ነው። «መልካም ጅምር» ብዬ ዝም ከማለት «እጀታውን በአንድ ክንድ አስረዝመው» ብል ኖሮ በሳምንት ታስተካክለው ነበር፤ ትችል ነበርና። የታተመውን ጽሑፍህን በማረሜ አልጸጸትም፤ ገጽ አራት ላይ ያለው ስሌት አሁንም ስህተት ነው። ከማረሜ በፊት ግን ሦስት ጎረቤቶቼ ቤት ይዤው ዞሬያለሁ፤ አንዳቸውም ምን እንደሚል አልገባቸውም፤ እኔ ግን ዞርኩ። ይህን ልነግርህ ይገባ ነበር። አልነገርኩህም።

ስለ ሚዛኔ ያልከውም ልክ ነው። ለሠላሳ አንድ ዓመት፣ በየዓመቱ በመጀመሪያው ቀን፣ ሰሌዳው ላይ የምጽፈው ዓረፍተ ነገር «መስፈሪያው ያልተገለጸ ቁጥር ወሬ ነው» የሚል ነበር። ከዚያም መስፈሪያዬን ሳልገልጽ ወረቀት ፈርሜ ባሕር አሻገርኩ። የዩኒቨርሲቲውን «በርካታ» ስሳደብ የእኔን «ደህና» አላየሁም። ይህ የእኔ ስህተት ነው፤ በራሴ እጅ በራሴ ወረቀት ላይ «እንደገና» ብዬበታለሁ።

ስለዚህ እንደገና ሠራሁት። የድሮ መዝገቦቼን አውጥቼ ሁለት ቀን ቆጠርኩ። ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ ተማሪ አስተምሬያለሁ። «ደህና» የጻፍኩት ለሰባት ነው፤ ሰባተኛዋ እሷ ናት። ከሦስት መቶ ሰው አንድ ማለት ነው። ይህንኑ ከአራቱ ቃላት ትርጉም ጋር ጽፌ፣ አስተርጉሜ፣ ዛሬ ለአቤቱታ ሰሚዎቹ ልኬዋለሁ። አንተን አልጠቀስኩም። ባለማኅተሙ «አሁን ገና ደብዳቤ ጻፉ» አለኝ።

ይህ ግን አይበቃም። ከውሳኔ በኋላ የሚመጣ የመምህር ማብራሪያ ልመና ይመስላል፤ እኔም ብሆን እንደ ልመና ነበር የማየው። ደንቡ ገጽ ሠላሳ ሦስት ላይ የሚጠይቀው ነጥቡ በተሳሳተ መረጃ ላይ መመሥረቱን የሚያሳይ፣ መረጃውን በሰጠው ሰው የተፈረመ ቃል ነው። መረጃውን የሰጠኸው አንተ ነህ።

አሁን ወደ ቁጣዬ ልምጣ። የእኔ ስህተት የአላዋቂ ነው። የባለማኅተሙም የአላዋቂ ነው። ፕሮፌሰሯ አላወቀችም፤ አለማወቋን ግን አወቀች፤ ተነሥታ አሥራ ሁለት እርምጃ ሄዳ ጠየቀች። በዚያ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ የዚያን ቃል ክብደት የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የተጠየቀውም እሱ ነው። ሥራው አልገጠመልኝም ብላ ሁለተኛ ዕድል ሰጠችህ። ሦስት ሴኮንድ አሰብክና «የለውም» አልክ። በእኔ ላይ ቂም ቢኖርህ እኔን ብትቀጣኝ ምን ነበረበት? ደብዳቤዬን ቀድደህ ብትልክልኝ፣ ስልኬን ባታነሳ፣ ሠርግህ ላይ ባትጠራኝ! እኔን ለመምታት የሰው ልጅ ዱላ አደረግህ።

«በሚቀጥለው ዓመት» ትለኛለህ። ማስታወቂያው ለአንድ ሰው ነው፤ ለአራት ዓመት። በሚቀጥለው ዓመት ያ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል። ይህን አንተ ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለህ።

ልጅቱንና አባቷን ጠርቼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የእኔንም ድርሻ፣ የአንተንም። አባቷ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «ሃያ ዓመት በር ስጠብቅ፣ የማያውቀውን ሰው ‹አውቀዋለሁ፣ አስገባው› የሚል ብዙ ገጥሞኛል። የሚያውቀውን ‹አላውቀውም› የሚል ግን ይኸው ዛሬ ሰማሁ።»

እሷ የጠየቀችኝ ሌላ ነው። «እሱ እውነቱን ቢናገር ከሥራው ይባረራል?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። እውነትም አላውቅም። ውልህ ሊበላሽ ይችላል፤ አይበላሽም ብዬ አንተን ለማግባባት አልዋሽም። በዚህ ነገር ውስጥ ስለ ሌላው ሰው እንጀራ ያሰበች እሷ ብቻ መሆኗን ግን እንድታውቀው እፈልጋለሁ።

የምትጽፈውን ዓረፍተ ነገር እኔ አልጽፍልህም። አትጨምርበት፣ አትቀንስበት። ያለቅሳል፣ ይጸጸታል ብለው እንዲያዝኑልህ አትጻፈው። የተጠየቅከውን፣ የመለስከውን፣ ልክ የሆነውን መልስ፤ ከዚያ ፊርማ። አራት መስመር ይበቃዋል።

ቀኖቹ እነዚህ ናቸው። አቤቱታው የሚዘጋው ሰኞ ነው። የውኃ አገልግሎቱ ኃላፊ የቆጣሪ ሥራውን እስከ ዓርብ እኩለ ቀን እንዲያቆይላት ሄጄ ለምኜ እሺ አሰኝቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ለሌላ ሰው ይሰጠዋል። አንተ ከፈረምክ እሷ የቆጣሪውን ሥራ ትታ አቤቱታዋን ትጠብቃለች። ካልፈረምክ ዓርብ ጠዋት ሄዳ ትቀጠራለች፤ እኔም ሌላ ቃል አልናገርህም። ዝም ካልክ ግን መልስህን ስትጠብቅ እኩለ ቀኑ ያልፍባትና ሁለቱንም ታጣለች።

«ፈርሜያለሁ» ወይም «አልፈርምም» ብለህ ጻፍልኝ። አንድ ቃል ይበቃኛል። ባለፎቶኮፒው ዓርብ ከማለዳው ጀምሮ እንዲከፍትልኝ ነግሬዋለሁ፤ እሱ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ቶሎ መልስልኝ።

አጎትህ